የእማሆይ ቤት፦ ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን ስለ ቤት አጠባበቅ



ስለ አረጋውያን ሲነሣ እኛ ወጣቶች አብዛኛውን ጊዜ የምንናገረው ስለ ማክበር ነው። ሲመጡ ከመቀመጫ መነሣትን፣ ጉልበት ስሞ ምርቃት መቀበልን፣ በበዓል ቀን ዳቦና ጠላ ይዞ መጠየቅን ከወላጆቻችን ተምረናል። ስለ በራቸው ደፍ ቁመት፣ ስለ ሽንት ቤታቸው ርብራብ፣ ሌሊት ክብሪታቸውን የት እንደሚያስቀምጡ ግን ተነጋግረን አናውቅም ነበር። ለዚህ ዕትም ይህን ርእስ እንድንመርጥ ያደረገን ባለፈው ክረምት የደረሰ አንድ ነገር ነው።

የአንዲት የክፍላችን አባል አያት ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ፣ ማንኩሳን አለፍ ብሎ ወደ ውስጥ በሚገባ መንደር ብቻቸውን ይኖራሉ። (ማንኩሳን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሁሉ በስም ያውቃታል። እኛም ስናልፍባት ግማሾቻችን ስለ መጽሐፉ፣ ግማሾቻችን ስለ ጭቃው ነበር የምናወራው።) ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ቆብ ስለ ደፉ ሁላችንም እማሆይ እንላቸዋለን። በፍልሰታ ጾም አንድ ሌሊት፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ለሽንት ሊወጡ ተነሡ። አንዱ እግራቸው ደፉን ተሻግሯል፤ ሌላው የጋቢያቸውን ጫፍ ረገጠና ወደ ፊት ወደቁ። ለመነሣት ቢሞክሩ አልሆነላቸውም። ግማሽ አካላቸው ከውጭ፣ ግማሹ ከውስጥ ሆኖ እስኪነጋ ቆዩ። ጠዋት የላይ ቤት ጎረቤታቸው መጥተው አነሷቸው። አጥንት አልተሰበረም። ነገር ግን የእጃቸው አንጓ አብጦ፣ ብርዱም ደረታቸው ገብቶ ሳምንት ያህል ተኙ።

ይህን ስንሰማ መጀመሪያ ያልነው «እርጅና ነው» የሚል ነበር። ሽማግሌ ሲወድቅ ዕድሜው ጣለው ይባላል እንጂ ምን ጣለው ተብሎ አይጠየቅም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ግን በዓለም ላይ በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ ምክንያት ይሞታሉ። ሳይታሰቡ ከሚደርሱ አደጋዎች መካከል ብዙ ሰው በመግደል ከመኪና አደጋ ቀጥሎ ሁለተኛው መውደቅ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዱትም ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ናቸው። ለመውደቅ ደግሞ ገደል አያስፈልግም። ከመደብ እስከ በር ያለው አምስት እርምጃ ይበቃል። እማሆይን የጣላቸው ዕድሜያቸው ብቻ አልነበረም፤ ጨለማው፣ ደፉ፣ የጋቢው ርዝመትና የራሰው መሬት አንድ ላይ ተባብረው ነው። ከነዚህ አምስቱ ውስጥ ዕድሜን መመለስ አንችልም እንጂ ሌላውን ሁሉ በእጃችን ልንለውጠው እንችላለን።

ታዲያ ለምን ወደ ከተማ አይመጡም? ይህን ልጆቻቸው ደጋግመው ጠይቀዋቸዋል። አንዱ ልጃቸው በአዲስ አበባ፣ አንዷ በባሕር ዳር ይኖራሉ፤ ሁለቱም እናታቸውን መጦር የማይጠሉ ናቸው። እማሆይ ግን «በሰው ቤት ጥግ ከምቀመጥ በቤቴ ደጅ ብወድቅ ይሻለኛል» ይላሉ። ይህ ግትርነት ይመስላል። ጠጋ ብለን ስንጠይቅ ግን ከበስተኋላው ብዙ ነገር አለ። መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተው ከምርቱ ይኖራሉ፤ በ1989 ዓ.ም. በክልላችን የተካሄደውን የመሬት ሽግሽግ በዓይናቸው ያዩ በመሆናቸውም ከቤት የራቀ ሰው ይዞታው እንዳይነካበት ይሰጋሉ። የባለቤታቸው መቃብር በሰፈራቸው ነው። ማኅበራቸው፣ እድራቸው፣ ቡና የሚጠራሯቸው ጎረቤቶቻቸው እዚያው ናቸው። በአዲስ አበባ እንደ መቄዶንያ ያሉ ማዕከላት ጧሪ ያጡ አረጋውያንን እየሰበሰቡ ይረዳሉ፤ መልካም ሥራ ነው። እማሆይ ግን ጧሪም ቤትም አላቸው። እሳቸው የሚፈልጉት በዚያው ቤት እማወራ ሆነው መኖርን ነው።

እኛም በቅንነት ተነሣን። ስድስት ሆነን፣ ጥቂት ገንዘብ አዋጥተን፣ አንድ ቅዳሜ ወረድን። ከዚያ በኋላ ያደረግነውን ስናስታውሰው እናፍራለን። እማሆይን ደጅ በፀሐይ አስቀምጠን «እርስዎ ይረፉ» አልናቸውና ቤቱን ገለበጥነው። እንሥራው መንገድ ዘጋ ብለን ወደ ጓዳ በር አዛወርነው። በርጩማውን ወደ ማዕዘን ወሰድነው። ግድግዳው ላይ የተሰካውን አሮጌ እንጨት ምንም አይሠራም ብለን ነቀልነው። ወለሉንም በእበት ለቀለቅንና ደስ ብሎን ተመለስን። በሦስተኛው ቀን የልጅ ልጃቸው እያለቀሰች መጣች፦ እማሆይ በጨለማ ከእንሥራው ጋር ተጋጭተው እንሥራው ተሰብሯል፤ እሳቸውም ሊወድቁ ለጥቂት ነው የተረፉት። የነቀልነው እንጨት ሌሊት ሲነሡ የሚይዙት ነበር። ለሠላሳ ዓመት እየያዙት ለስልሶ ነበር፤ እኛ ግን መለስለሱን አይተን እንኳ ለምን እንደ ለሰለሰ አልጠየቅንም።

ይቅርታ ልንጠይቅ ስንሄድ አልተቆጡንም። «ልጆቸ፣ እግሬ የሚያውቀውን ቤት ወሰዳችሁና እግሬ የማያውቀውን ሰጣችሁኝ» ብቻ አሉን።

ከዚህ ወዲያ የምንጽፈው ሁሉ ከዚህ ቃል የተማርነው ነው። ዓይኑ የደከመ ሰው ቤቱን የሚያየው በእግሩና በእጁ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚደረገው ሥራ መቀመጥና ማየት ነው። እኛም በሁለተኛው ጉዟችን አንዲት እኅታችን ከእማሆይ ጋር አድራ፣ ሌሊት ከመደብ እስከ ሽንት ቤት ሲሄዱ ከኋላ ተከተለቻቸው። የት እንደሚይዙ፣ የት ቆም እንደሚሉ፣ የት ዝቅ እንደሚሉ በጣቷ ቆጠረች። በማግሥቱ እማሆይ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው «ይህን እዚህ፣ ያን ተውት» እያሉ አዘዙን፤ እኛም ሠራን። ያዛወርነውን ሁሉ ወደ ቦታው መለስን። እንጨቱንም ፈልገን፣ ይልቁንም ጠበቅ አድርገን ተከልነው።

ስለ መደቡ እንናገር። ብዙ ሰው የጭቃ መደብን የድህነት ምልክት አድርጎ ይቆጥራል። ለአረጋዊ ግን ከብረት አልጋ የሚሻልበት ነገር አለ፦ አይነቃነቅም፣ አይንሸራተትም። ጉዳቱ ቁመቱ ላይ ነው። የእማሆይ መደብ ዝቅ ያለ ስለ ነበር ሲቀመጡ ጉልበታቸው ከወገባቸው ከፍ ይላል፤ ከዚያ ለመነሣት ክንድና ጉልበት ይጠይቃል። ትክክለኛው ቁመት ሰው ሲቀመጥበት ተረከዙ መሬት ነክቶ ጭኑ ከወለሉ ጋር ትክክል የሚሆንበት ነው። ጭቃ ከጭድ ጋር አቡክተን አንድ ስንዝር ያህል ጨመርንበት። ሲደርቅ ሳምንት ፈጀ፤ እስከዚያ ጎረቤት አደሩ። ደግሞም ከእንቅልፍ ሲነሡ ወዲያው እንዳይቆሙ ነገርናቸው። ተኝቶ የነበረ ሰው በድንገት ሲቆም ደሙ ወደ እግሩ ይወርድና ራሱን ያዞረዋል፤ በተለይ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱትን። በመደቡ ጫፍ ተቀምጠው፣ እግራቸውን ወዝወዝ አድርገው፣ «አቡነ ዘበሰማያት» የሚደገምበትን ያህል ቆይተው ቢነሡ ይበቃል። ይህን ልክ የመረጡት እሳቸው ናቸው፤ እኛ ያልነው አንድ ደቂቃ ነበር፤ ሰዓት ግን የላቸውም።

ወለሉን በተመለከተ፣ እበት የተለቀለቀ ወለል ሲደርቅ መልካም ነው፤ እርጥብ ሲሆን ግን እንደ ሳሙና ያዳልጣል። የሚለቀለቀው ጠዋት፣ ግማሽ ግማሹን፣ ፀሐይ ባለበት ቀን መሆን አለበት። ዶሮ የጫረችውንና አይጥ የቆፈረውን ጉድጓድ በጭቃና በጠጠር ደልድሎ መጠቅጠቅ ነው። ምንጣፍ ወይም ቁርበት ጫፉ የተጠቀለለ ከሆነ ወይ ይነሣ ወይ ጫፉ በመደብ ሥር ይግባ። ጥጃ በቤት የሚያድር ከሆነ የሚታሰርበት ገመድ መተላለፊያውን እንዳያቋርጥ። እማሆይ ጥጃ የላቸውም፤ አንዲት ድመት ግን አለቻቸው። እሷን በተመለከተ ምንም ማድረግ አልቻልንም።

ደፉ ራሱ አስቸጋሪ ጉዳይ ሆነብን። አንዳንዶቻችን ይነቀል አልን። እማሆይ ግን በሐምሌ ጎርፍ ደጁን ሲሞላ ውኃውን የሚመልሰው እሱ መሆኑን አስረዱን፤ እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ደፉን ሳንነካ በውስጥም በውጭም በኩል ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀምጠን አንዱን ትልቅ እርምጃ ሁለት ትንንሽ አደረግነው። በመቃኑ ላይ እጅ የሚይዝበት የወይራ እንጨት መታን። የደፉን አናት ደግሞ ኖራ ቀባነው፤ በጨለማ ነጭ ነገር ቀድሞ ይታያልና። የ60 ዓመት ሰው ዓይን ውስጥ የሚገባው ብርሃን በ20 ዓመት ወጣት ዓይን ከሚገባው ሲሶ ያህል ብቻ ነው ይባላል። እኛ «ያያሉ» ብለን የምናልፈው ቦታ ለእነሱ ድቅድቅ ጨለማ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን። የዓይን ሞራ ያለበት በቀዶ ጥገና ሊገፈፍለት ይችላል። ክልላችን በዓለም ላይ ትራኮማ እጅግ ከበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ስለሆነም፣ የዓይን ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን የሚፈገፍጋቸው አረጋውያት በየመንደሩ አሉ። እነዚህ እናቶች ፀጉሩን በወረንጦ እየነቀሉ ዓመታት ይኖራሉ። ነገሩ ግን በትንሽ ቀዶ ጥገና የሚስተካከል ነው፤ ጤና ጣቢያ ወስዶ ማሳየት የእኛ ፋንታ ነው።

መብራትን ካነሣን አንድ ነገር እናስታውስ። በጢስ ዓባይ ፏፏቴ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ የጀመረው በ1956 ዓ.ም. ነው፤ እስከ ዛሬ ግን በምዕራብ ጎጃም ገጠር ብዙ ቤት በኩራዝ ያመሻል። ኩራዝ ደግሞ ለአረጋዊ ሁለት ጊዜ አደገኛ ነው፦ ብርሃኑ ትንሽ ነው፣ እሳቱም ነጠላ ይይዛል። በእጅ ይዞ መሄድ ሲቀር ይሻላል። ገንዘብ ከተገኘ ትንሽ የፀሐይ መብራት መግዛት ነው። እኛ ያዋጣነው በአብዛኛው ለዚህ ዋለ፤ ቀን ጣራ ላይ ይሞላል፣ ሌሊት በአንገት ይንጠለጠላል፣ እጅም ለምርኩዝ ነፃ ይሆናል። ገንዘብ ካልተገኘ ኩራዙ በግድግዳው ውስጥ በተቦረቦረ መስኮት፣ ከጭንቅላት ከፍታ ላይ፣ ጨርቅ ከማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ።

አሁን ስለ ሌሊት ሽንት እንናገር። ርእሱ ስለሚያሳፍር ብዙዎች ይዘሉታል፤ እማሆይን የጣላቸው ግን ይኸው ነው። አረጋዊ ሰው በሌሊት አንድ ሁለት ጊዜ ይነሣል፤ ክረምት ከሆነ ደግሞ በቀይ ጭቃ ላይ ይሄዳል። ቀላሉ መፍትሔ ክዳን ያለው ፖፖ በመደቡ አጠገብ ማስቀመጥ ነው። እማሆይ በመጀመሪያ «ልጅ ነኝ እንዴ!» ብለው ተቆጡ። ወንዶቹ ከቤት ወጥተን እኅቶቻችን ብቻቸውን ሲያነጋግሯቸው ግን፣ ለዝናብ ሌሊት ብቻ እንደሚሆን ተስማሙ። እንዲህ ያለውን ነገር ማን ይናገር የሚለው ምን ይነገር ከሚለው ያልተናነሰ መሆኑን ያን ቀን ተማርን። ወደ ሽንት ቤቱ በሚወስደው መንገድ ደግሞ የባሕር ዛፍ ችካል ተክለን፣ በወገባቸው ከፍታ ገመድ ዘርግተን፣ መሬቱ ላይ ጠጠር አፈሰስን። ሰፋፊ ድንጋይ ለመንጠፍ አስበን ነበር፤ ክረምት ላይ አረንጓዴ ሲያበቅል ከጭቃው ይብሳል ተብለን ተውነው።

ሽንት ቤቱን ስናይ ደነገጥን። ርብራቡ ከላይ ደህና ይመስላል፤ በብረት ስንወጋው ግን ሁለቱ እንጨቶች በምስጥ ተበልተው ዱቄት ሆነዋል። በየዓመቱ ክረምት ከመግባቱ በፊት እንጨቱን ወግቶ መፈተሽ ያስፈልጋል። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከተጀመረ ወዲህ ሽንት ቤት ያልተቆፈረበት ግቢ እያነሰ መጥቷል፤ ቆፍሮ መርሳት ግን የብዙዎቻችን ልማድ ነው። ቁጢጥ ማለት ለሚያቅታቸውም አሮጌ ወንበር መሐሉን ቆርጦ በጉድጓዱ ላይ አጽንቶ መትከል ይቻላል። ግራና ቀኝ የሚይዙት እንጨት ይኑረው።

ውኃ ጉድጓዳቸው በአጥሩ ውስጥ ነው፤ በአካባቢያችን በየግቢው እንደሚቆፈረው ሁሉ አፉ ከመሬት ጋር ትክክል ነበር። እማሆይ ጎንበስ ብለው በገመድ ይቀዱበት ነበር። ይህን የሚያይ ሰው እንዴት እስከ ዛሬ እንዳልገቡበት ይገርመዋል። አፉን በድንጋይና በጭቃ እስከ ወገብ አሳድገን የእንጨት ክዳን ሠራንለት። ሃያ ሊትር የሚይዘው ጀሪካን ሲሞላ ሃያ ኪሎ ስለሚመዝን በአምስት ሊትር ተተካ። መቅዳቱን ግን አላስቀረንባቸውም። የጎረቤት ልጅ እንዲቀዳላቸው ስንል «እጄ ሥራ ከፈታ ምን ልሠራ ነው?» አሉን። አንድ የጤና ባለሙያም የማይንቀሳቀስ እግር ቶሎ እንደሚደክም፣ የደከመ እግርም ይበልጥ እንደሚጥል ነግሮናል። ስለዚህ ከሥራ ማሳረፍ ሁልጊዜ ርዳታ አይደለም።

ጫማን በተመለከተ፣ ነጠላ ጫማ በጭቃ ላይ ከእግር ይወልቃል። ተረከዝ ያለው፣ ሥሩ የተቦረቦረ ኮንጎ ጫማ ይሻላል። በጎጃም ቀይ አፈር ላይ ለረጅም ዘመን በባዶ እግር መሄድ ዝሆኔ የሚባለውን የእግር እብጠት እንደሚያመጣ ስለሚታወቅ ጫማው ለሁለት ነገር ይጠቅማል። ምርኩዛቸው ወፍራምና ረጅም የባለቤታቸው ዱላ ነበር፤ ሊለውጡት አልፈለጉም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም። ጫፉ ላይ ብቻ ከመኪና ጎማ ቆርጠን ሰካንበት። አዲስ ከዘራ ለሚያሠራ ግን ቀጥ ብሎ ቆሞ ክንዱን ሲያንጠለጥል መያዣው ከእጅ አንጓው ትክክል ሊሆን ይገባል፤ የሚያዘውም ከታመመው እግር በተቃራኒው እጅ ነው። ብዙ ሰው በታመመው በኩል ይይዘዋል።

መድኃኒት ለሚወስዱ፣ ማንበብ ለማይችሉ፣ በጠዋቱ ፖስታ ላይ ፀሐይ፣ በማታው ላይ ጨረቃ መሣል ይበቃል። ከመስከረም እስከ ኅዳር በቆላማው ቀበሌ ወባ ሲበረታ አጎበር ይዘረጋል። ጫፉ መሬት ከተጎተተ ግን ሌሊት እግር ይጠልፋልና በመደቡ ሥር ይጠቅለል።

እሳትን በሁለት እንክፈለው። የሚታየው አደጋ ቃጠሎው ነው፤ ጉልቻው መሬት ላይ ስለሆነ ጎንበስ ሲሉ ቀሚሳቸው ይይዛል፣ ራሳቸውንም ያዞራቸዋል። የማይታየው ግን የከሰል ነው። ብርድ በሆነ ሌሊት የጋመ ማንደጃ ቤት አስገብቶ በርና መስኮት ዘግቶ መተኛት ሰው ይገድላል። ከከሰሉ የሚወጣው መርዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰውየው ራሱን ያመውና እንቅልፍ የመጣበት ይመስለዋል። «ጭሱ ካለቀ ችግር የለውም» የሚባለው ስሕተት ነው። ከሰል ለመሞቅ ከሆነ ከመተኛት በፊት ማንደጃው ከቤት ይውጣ።

ሰው ወድቆ ቢገኝስ? መጀመሪያ የምናደርገው ብብቱን ይዞ ማንሣት ነው፤ ትክክል አይደለም። ጥቂት ታግሦ የት እንዳመመው መጠየቅ ያስፈልጋል። አንዱ እግሩ ከሌላው አጥሮ ወደ ውጭ የዞረ፣ መቆምም ያቃተው ከሆነ የዳሌ አጥንት ሳይሰበር አይቀርምና ሳይጎትቱ፣ ሳያሹ፣ በቃሬዛ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው። ወጌሻዎቻችን ብዙ ሰው ረድተዋል፤ ነገር ግን የተሰበረ አጥንትን አጥብቆ ማሰር ደም ከልክሎ እጅ እግር እስከ ማስቆረጥ ያደርሳል። ያልተሰበረ ከሆነ ሰውየው ራሱ ይነሣ፦ ወደ ጎኑ ይዙር፣ በክንዱ ተደግፎ ይንበርከክ፣ እየዳኸ ወደ መደቡ ይሂድ፣ መደቡን ይዞ ጠንካራ እግሩን ያስቀድም። እማሆይን ይህን በቀን አስተማርናቸው። መሬት ላይ ተኝተው ሲነሡ ሳቃቸው ሊያቆም አልቻለም፤ ጎረቤትም ተሰብስቦ አየ።

የመጨረሻው ጥያቄ፣ ወድቀው ቢቀሩ ማን ያውቃል የሚለው ነበር። የልጅ ልጃቸው ቁልፍ ያለው ስልክ ገዝታላቸው፣ አንዱን ቁልፍ ሲጫኑ ጎረቤት ዘንድ እንዲደውል አድርጋዋለች። መልካም ነው። ሆኖም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ጦርነት መንገድ የተዘጋባቸውን፣ ስልክም አልሠራ ያለባቸውን ቀናት ሁላችንም እናስታውሳለን። በእነዚያ ቀናት የአዲስ አበባ ልጅ ቀርቶ የፍኖተ ሰላም ልጅም ሊደርስ አልቻለም።

እኛም ይህን እያሰብን ሳለ ሌላ ነገር ይዘን ቀረብን፦ ዓይናቸውን የሚያስለቅሳቸውን የጠዋት ጭስ ለማስቀረት የከሰል ምድጃ ልንገዛላቸው። እማሆይ እጃቸውን አወዛወዙ። «ጭሴን አታጥፉብኝ! የላይ ቤቷ እኮ በጠዋት የምታየው እሱን ነው» አሉ። ጎረቤታቸውን ስንጠይቅ እውነት ሆኖ ተገኘ። እሳቸውም ባል የሞተባቸው ናቸው። ሁለቱ ሴቶች ተነጋግረው ሳይሆን እንዲሁ በልማድ፣ በየጠዋቱ የአንዳቸውን ጣራ አንዳቸው ያያሉ። ያን የነሐሴ ጠዋት ጎረቤቲቱን ያስሮጣቸው ምንም ድምፅ አልነበረም፤ የእማሆይ ጣራ አለመጨሱ ነው። ለካ እኛ ሳንደርስ በፊት ቤቱ ጠባቂ ነበረው።

በጭሱ ፈንታ ነጭ ጨርቅ በአጥሩ ላይ ቢሰቅሉስ ብለን ነበር። ሁለቱም «የምን ነጭ ጨርቅ ነው፣ አላፊ አግዳሚው ምን ይለናል» ብለው አልተቀበሉትም። ስለዚህ እሳቱን ከቤት ውስጥ አውጥተን ከግድግዳው ጥግ በሠራነው ዳስ ሥር፣ በጉልበት ከፍታ ባለ የጭቃ ምድጃ ላይ አደረግነው፤ ጭሱ ከዓይናቸው ርቆ ለጎረቤት ግን ይታያል። ልማዱ ስምምነት ሆነ፦ ፀሐይ ወጥታ ጭስ ካልታየ ሌላኛዋ ትመጣለች።

ስምምነቱ የተፈተነው በመስከረም 21 ቀን ነው። የተባበሩት መንግሥታት በ1983 ዓ.ም. የአረጋውያን ቀን እንዲሆን የወሰነው ዕለት በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው ከግሼን ማርያም በዓል ጋር ነው፤ እማሆይ የሚያውቁት ግን ሁለተኛውን ብቻ ነው። ያን ዕለት ሌሊት ተነሥተው፣ ገመዱን ይዘው፣ መብራታቸውን በአንገታቸው አንጠልጥለው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እሳትም አላነደዱም። ጎረቤታቸው ጭስ ሲያጡ ዱላ ይዘው ሮጡ፤ በሩ ተቆልፏል፤ ሰው ጠሩ፤ አንድ ጎረምሳ በጣራው ክፍተት ሊገባ ተንጠላጥሎ ሳለ እማሆይ ጠበል በጠርሙስ ይዘው ከበታች ብቅ አሉ። የተነጋገሩትን እዚህ ላይ መጻፍ አይቻልም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን እማሆይ ከቤት ሲወጡ በላይ ቤት በኩል ዞረው ይሄዳሉ፤ መንገዱ ትንሽ ይረዝምባቸዋል።